ሕክምናው ስለሠራላት ሟች ባለቤቴ

ለተከበሩ የጡት ካንሰር መድኃኒት ሙከራ ጥናት የበላይ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና እየተመኘሁ፣ እኔና ልጄ እንደሆንነው ሆነን እንዳለን በትሕትና እገልጻለሁ። ጥናትዎ «መድኃኒቱ በሚገባ ሠርቷል» ብሎ ውጤቱን ይፋ ማድረጉን ሰምቼ ቢሮዎን ብጠይቅ፣ ከሠራላቸው ሴቶች አንዷ ባለቤቴ መሆኗ ስለተነገረኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድኩ። እሷ ራሷ እንዳታመሰግንዎ አፈር ተጭኗታል።

፩ኛ፣ ስለ ልኬትዎ ጥራት አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ግን ጣቶቿ እየደነዘዙ መጡ። የጥናቱ ሐኪም የዕጢዋን የራጅ ፎቶ ብርሃን ላይ አንሥቶ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ዕጢው በግማሽ ቀንሷል» ሲላት፣ «እሰይ! ጣቶቼስ ዶክተር?» ብላ እጆቿን ዘረጋችለት። «እሱን ይህ ጥናት አይለካም» አላት፣ በጨዋ ደንብ። እሷም እንደ ጥፋተኛ ነጠላ ጫማዋን እያየች እጆቿን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠቻቸው።

፪ኛ፣ ስለማይለካው እኔ ላስረዳዎ። አንድ ጠዋት ልጃችንን ፀጉሯን ልትሠራላት ከፊቷ አስቀመጠቻት። ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ፤ አነሣችው፤ ደግሞ ወደቀ። ልጅቱ ዞር ሳትል «ተይው እማዬ፣ ሲለቀቅ ነው የሚያምርብኝ» አለቻት። ባለቤቴ «አንቺ ውሸታም!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል መንገድ ላይ ወደ ለቅሶ ዞረ። ሙከራው ይቅርብሽ ብዬ ብለምናት፣ «ለሌሎቹ ሴቶች ይጠቅማል ብለውኛል፣ ልጨርስላቸው» አለችኝ።

ጨረሰችልዎ።

የሚቀጥለውን ግን «፫ኛ» ብዬ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። የመጨረሻው ፎቶ በተነሣ ሰሞን ሳንባዋ ውሃ ቋጠረ። እጇ እጄ ውስጥ ሆኖ «ይዘኸኛል?» ትለኝ ነበር። «ይዤሻለሁ» እላታለሁ። ትንሽ ቆይታ ደግማ ትጠይቀኛለች። እንዲህ እንዳለች አረፈች። የሞተችው የጥናቱ የመለኪያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ሞቷ ውጤቱ ውስጥ እንደማይገባ ቢሮዎ አስረድቶኛል፤ ጊዜውን ጠብቃ በመሞት ጥናትዎን ስላላበላሸች፣ ይህን ጨዋነቷን እንዲያውቁላት እፈልጋለሁ።

ወደፊት ሌሎች ሴቶችን ሲለኩ፣ ኖሩ ወይ፣ እንዴትስ ኖሩ ብለው ቢጠይቁ ውለታዎን አልረሳም።

ከመለኪያው ጊዜ የሚያልፍ ረጅም ዕድሜ ለክቡርነትዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት፣

መድኃኒቱ የሠራላት ሴት ባል

ማሳሰቢያ፦ ለውጤቱ ማብሰሪያ ዝግጅት በስሟ የላኩት የጥሪ ካርድ ደርሶኛል። ወንበሯን ባዶውን ይተዉት፤ በእናንተ አቆጣጠር ተገኝታለች።