የአራት ቁጥር ፍሬን

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 1:20

ሁለት ባትሪ ሞተ። ብርዱ ነው። የ3 ቁጥር መኪናን ባትሪ ነቅዬ 1ን አስነሣሁ፤ እሱኑ ይዤ 2ን። 3 ራሷ ዛሬ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ሥራችን ይኸው ሆኗል፤ አንዷን ገፎ ሌላዋን ማልበስ። 5 ቁጥር ከክረምት ጀምሮ የቆመው አጥንቷ ብቻ ነው። ራዲያተሯ አንዷ ላይ፣ ዳይናሞዋ ሌላዋ ላይ፣ ወንበሯ ጥበቃ ቤት ውስጥ።

ሻ/ቃ ደረጀ መጣ። የክፍሉ ሎጀስቲክስ ኃላፊ፣ የኔም አለቃ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ አልልም።

“ሃምሳ አለቃ የሺ፣ ጋራዡ ያንቺ ነው፤ ባትሪውም ያንቺ ነው” አለኝ። የደባርቅን ብርድም የኔ ሊያደርገው ትንሽ ቀረው።

ትእዛዝ፦ ቅዳሜ አራቱም መኪኖች ከሊማሊሞ ቁልቁለት ሥር ላሉት ጓዶች ዱቄት፣ ምስርና ብርድ ልብስ ጭነው ይወርዳሉ። ሐሙስ ከበላይ ፍተሻ አለ። ለሙከራ የሚሆን ነዳጅ አይሰጥም፤ ሞተር አምስት ደቂቃ ማስነሣት ብቻ። የቆመ መኪና ፍሬን እንዴት ነው የሚሞከረው አልኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ረፋድ 5 ሰዓት

ዕቃ መጣ ሲሉኝ ሮጥኩ። ቀለም! ቆርቆሮ ሙሉ አረንጓዴ ቀለም።

እኔ የጠየቅሁት የፍሬን ሸራ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ጎማውን አንቆ የሚይዘው እሱ ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፤ ሦስቴም ወረቀቱ ተመለሰ፦ “በጀት ስለሌለ ባለው ይሠራ።” ቀለሙ በየትኛው በጀት እንደመጣ የሚነግረኝ የለም።

የ4ን የኋላ ጎማዎች ፈታሁ። ሸራው በሁለቱም በኩል አልቋል። ብረት ብረት እየፋቀ ነው። ባዶዋን ሜዳ ላይ ትቆም ይሆናል። ተጭና ሊማሊሞን? አትቆምም።

4ን የሚነዳው አሥር አለቃ ሙላት ነው። ደብተር፣ ስለሱ ስንት ጊዜ ጽፌብሃለሁ። አምና የሞተሩን ውሃ ሳያይ ነድቶ ሞተር አቃጠለ። ቃልህን ስጥ ሲባል “ጋራዡ አላየልኝም” ብሎ ጻፈ። ለመቶ አለቃነት ኮርስ ታጭቼ ነበር፤ በዚያች አንድ ወረቀት ተሰረዝኩ። ይቅርታ አልጠየቀም። አልፈለግሁትምም።

ዛሬ ጎማው ተፈትቶ ሲያይ አፏጨ። ፍተሻ ሲመጣ ጤነኛ መኪና እየፈታሽ ሥራ የበዛብሽ ትመስያለሽ አለኝ። መፍቻ እጄ ላይ ነበር። እግዜር ነው የያዘኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ዳባት፣ 8:30

በሚኒባስ መጣሁ፤ ያለቀውን ሸራ በፌስታል ይዤ። መንገዱ ገብስ በጫነ አህያ ተዘግቷል። ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ጆሮዬን በላው።

ጋሽ ሰይድ ጋ ገባሁ። መለዋወጫ ይሸጣሉ፤ አባቴን ያውቁት ነበር። ሸራውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

“የሺ ልጄ፣ ይኼ እንኳን ሊማሊሞን የኔን ደጅ አያወርድም።”

የዚህ ሞዴል ሸራ ጎንደርም የለም። ከአዲስ አበባ ያስመጡልኛል፤ ሳምንት ይፈጃል፤ የክፍሉ ደብዳቤ ግን ያስፈልጋል። እዚያው ሱቁ ውስጥ ሆኜ ሻ/ቃ ጋ ደወልኩ። ስለ ሸራው አንድም ቃል አልጠየቀኝም። ማን ፈቅዶልሽ ዳባት ሄድሽ? በዩኒፎርም ነሽ? ብሎ ስልኩን ዘጋው። ድምፁ እስከ ውጭ ይሰማ ነበር። ጋሽ ሰይድ ያልሰሙ ለመምሰል መደርደሪያ ያስተካክላሉ። አፈርኩ። በሱ ንዴት እኔ አፈርኩ!

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። 9 ሰዓት

ፍተሻ። አራቱም መኪኖች አረንጓዴ፣ ጎማቸው በጥቁር ተወልውሎ፣ በሰልፍ። ሞተር አምስት ደቂቃ ተነሣ። ፈታሾቹ ሦስት ናቸው፤ አንዱ እንኳ ጎንበስ ብሎ ከሥር አላየም። አንደኛው ግን በር ላይ ተደገፈና ክንዱ አረንጓዴ ሆነ። ዛሬ የሳቅሁት በዚያ ብቻ ነው።

የዝግጁነት ቅጹን ሞላሁ። 1፣ 2፣ 3 ዝግጁ። “4፦ ለግዳጅ ዝግጁ አይደለችም፤ የኋላ ፍሬን።” ሻ/ቃ አነበበውና ቢሮ ጠራኝ። በሩን ዘጋ።

“ፍጹም መኪና አልጠየቅሁሽም” አለ። “ታች ያሉት ልጆች ከሰኞ ጀምሮ ቆሎ ላይ ናቸው። ዱቄቱን በጀርባሽ ታወርጂላቸዋለሽ?”

“በሦስቱ መኪና ሁለት ዙር ይሂድ።”

“ለሁለት ዙር ነዳጅ የለኝም።”

እውነቱን ነው። የለውም። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ፤ ውሸታም ብቻ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሌላ ቅጽ አወጣ፤ አራቱም ዝግጁ የሚል። አልፈርምም አልኩ። ከዚያ በኔ ስም ላይ “ስለ” ብሎ ራሱ ፈረመ። ቀለሙን እፍ እፍ አለበት እንዲደርቅ። መውጣት ትችያለሽ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። 7 ሰዓት

ሚካኤል። ከተማው ነጭ ለብሶ ሄደ፤ እኔ ዘይት ለብሼ ቀረሁ። ከ5 ላይ ያለችውን የመጨረሻ ሸራ ፈታሁ። ግራው ደህና ነው፤ ቀኙ ተሰንጥቋል። በአንድ በኩል ብቻ ቢገባ ፍሬን ሲያዝ መኪናዋ ትጠመዘዛለች፤ ገደል ዳር ደግሞ መጠምዘዝ የባሰ ነው። መልሼ ተውኩት።

ሙላትን አስጠራሁት። ነገ አትውጣ፤ ሂድና አመመኝ በል። የተበላውን ብረት እጁ ላይ አኖርኩለት። አየው። እኔ ወረድ ብዬ ሌላ ሾፌር ሲሄድ “ሙላት ፈራ” እንድትዪ ነው? አለኝ። ብረቱን መሬት ላይ ጥሎት ሄደ።

ደብተር፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ጀርባውን ሳይ “እንግዲያው ሂድ” አልኩ፤ በልቤ። ደስም አለኝ። አንድ አፍታ ነው፤ ግን ደስ ብሎኛል። ምሳዬን አልበላሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። 8 ሰዓት

2 ሰዓት ላይ ወጡ። 4 መጨረሻ ላይ። ቁጭ አልኩ፤ ተነሣሁ፤ መጥረጊያ ይዤ የተጠረገ ወለል ጠረግሁ።

3:10 ስልክ። ሙላት። ድምፁን አላወቅሁትም። ነይ ብቻ አለኝ። የት? ሊማሊሞ አፋፉ ላይ።

መኪና የለኝም። ባጃጅ ያዝኩ። ባጃጁ እያቃሰተ አደረሰኝ። 4 ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ፣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ሳይደርስ፣ መንገዱን በአግድም ዘግታ ቆማለች። ከኋላ ጎማዋ ጭስ። በአራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ። ከኋላዋ ሚኒባሶች ተሰልፈው፣ ተሳፋሪው ወርዶ፣ አንዲት ሴትዮ “ሠራዊቱ መንገድ ዘጋብን!” እያለች ትጮሃለች። ካፋፉ በታች ገደሉ ጉም ሞልቶታል።

ሙላት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። እጁን በብብቱ ደብቆታል። በሦስተኛው ረገጣ ፔዳሉ ወለል እንደነካ፣ በማርሽና በእጅ ፍሬን ይዞ፣ አፍንጫዋን ወደ ተራራው ግድግዳ እንደመለሳት ነገረኝ።

“አንቺን አምኜ እንዳይመስልሽ” አለኝ። “እግሬ ነው የነገረኝ።”

ከዚህ በፊትም ብረቱ ነግሮህ ነበር አልኩት።

ሻ/ቃ በፒካፕ ደረሰ። በሕዝብ ፊት ሁለታችንንም ሰደበ። 2 እና 3 ከታች ጭነታቸውን አራግፈው ተመለሱ፤ የ4ን ዱቄት ጭነው እንደገና ወረዱ። ሁለት ዙር ሆነ። ለሁለት ዙር የለኝም ያለው ነዳጅ፣ ይኸው፣ ተገኘ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ታግጃለሁ። ሙላትም። ጋራዡ ተቆለፈ፤ ቁልፉ ሻ/ቃ ኪስ ነው። ክሱ፦ “በቸልተኝነት ግዳጅ ማሰናከል።” ከግቢ መውጣት ክልክል። ልብሴን አጠብኩ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። 10 ሰዓት

ጾም ገባ። ሻ/ቃ ወንበር ሳበልኝ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያው ነው። ድምፁ ማር።

የሚፈልገው አንድ ገጽ ነው፦ መኪናዋ ከጋራዥ ደህና ወጣች፤ ሾፌሩ ፍሬን እየጎተተ ሸራውን ጨረሰ፤ ችግሩንም አላመለከተም። ይህን ከጻፍኩ ክሱ ከኔ ላይ ይነሣል፤ ጋራዤ ይመለሳል፤ ጥር ላይ ለሚገባው ኮርስ ስሜን ያስገባል።

“አምና ምን እንዳደረገሽ አትርሺ” አለኝ። እስከ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ጊዜ አለሽ።

ግማሹ እውነት ነው፣ ደብተር። ሙላት ፍሬን ይጎትታል። ማርሽ ሳይቀንስ፣ ፍሬን እንደረገጠ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ስንቴ ነግሬዋለሁ። ውሸት ቢሆን ኖሮ እዚያው እምቢ ማለት ይቀለኝ ነበር።

ስወጣ ሙላት ከቢሮው ደጅ አግዳሚው ላይ ተራውን ይጠብቃል። ሌላ መቀመጫ የለም፤ ወረቀት እስኪሰጡኝ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ክርን ለክርን። ምን እንደተባልኩ ሳልነግረው ገብቶታል።

“ኮርሱን ይሰጡሻል። ጻፊው” አለኝ፤ መሬት መሬት እያየ። “እኔ ብሆን እጽፈዋለሁ።”

“አምና ጽፈኸው የለ?”

“ጽፌዋለሁ።”

ይኸው ነው። ይቅርታ የለ፣ ምን የለ። በጥፊ ላጠናግረው ከጀለኝ። ሚስቱ ዘጠነኛ ወሯ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ እሱ ግን አላነሣትም። ቢያነሣት የበለጠ እጠላው ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ጠዋት 1:40

ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀድጄ፣ አራተኛው ቀና።

“አ/አለቃ ሙላት ፍሬን ይጎትታል፤ በዚህ ምክንያት ሸራው ከጊዜው ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ሸራው ማለቁን አውቄ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ አልተሰጠኝም። 4 ቁጥር ዝግጁ አለመሆኗን በቅጽ አመልክቻለሁ። በስሜ ‘ስለ’ ተብሎ የተፈረመው ቅጽ የኔ አይደለም። መኪናዋን በማቆሙ ሰውም ዱቄትም ተርፏል።”

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ እምቢ አለኝ። ለሱ! ለዚያ ሰውዬ! ግን እውነት ናት። ኮርሱም በቃ፣ ሄደ። አልዋሽህም፤ አለቅሳለሁ መሰለኝ።

ሁለት ቅጂ አለኝ። አንደኛው እዚሁ ሻ/ቃ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በፀሐፊው በኩል አስገባሁት። እሱን ቀዶ መጣል ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛውን ከተመለሱት ሦስት ወረቀቶች ጋር አያይዤ በእጄ ለፍተሻ ቡድኑ እሰጣለሁ። ገና ጎንደር ናቸው፤ እስከ ነገ። መውጫ ፈቃድ የለኝም። ስመለስ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ።

የመጀመሪያዋ ሚኒባስ 2 ሰዓት ላይ ትሞላለች። በር ላይ ያለው ጥበቃ ወዴት ሲለኝ ውሸት አልነግረውም፤ ጎንደር እለዋለሁ። ቢያስቆመኝ ወረቀቱን አውጥቼ አስነብበዋለሁ። ሄድኩ።