ባለቤቴ ስሜን ስላልጠራችበት ምርመራ

ለተከበሩ ዶክተር ሺሪሽ ኬትካር፣
የአንጎል ምርምር ተቋም የበላይ ኃላፊ፣
ፑኔ

ክቡርነትዎ፣ የዝናሙ ወራት ለጤናዎ የተስማማ፣ እንቅልፍዎም በማንም ሐዘን የማይታወክ ይሁን እያልኩ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። አርባ ዓመት ሳንስክሪት ያስተማርኩ ቪናያክ ጋድጊል ነኝ፤ በተቋምዎ የተኛችው የሱላብሃ ባል፣ በሪፖርትዎ መሠረት ግን ሚስቱ የማታውቀው ሰው።

በአንጎል ደም መፍሰስ አንደበቷ ከተዘጋ ሁለት ዓመት በኋላ አንጎሏ ላይ ስስ የምልክት መቀበያ አኑራችሁ፣ የኤሌክትሪክ ምልክቱን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እያስፈታችሁ፣ ልትናገር ያሰበችውን በስክሪን ላይ ስላስነበባችሁን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከምስጋናው ጋር የሚከተሉትን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ/ እነዚያን ሁለት ዓመታት የዐይኗን ምልክት ስተረጉም የኖርኩት እኔ ነበርኩ። ማሽንዎ በሦስተኛው ቀን «ይህ የሩዝ አጥሚት አንገሸገሸኝ» ሲል ጻፈላት። ሁለት ዓመት ሙሉ በእጄ ያጠጣኋት እሱን ነው። ስለ እርማቱ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ።

2ኛ/ ከካልካታ የመጣው ወጣት መሐንዲስዎ ታንማይ ገና ከበር ሲገባ፣ «ዛሬም ሳታበጥር መጣህ? እንዲህ ሆነህ ማን ልጁን ይሰጥሃል?» ትለዋለች። እሱም «አክስቴ፣ አንቺ ፈልጊልኛ!» ይላታል፤ ዐይኖቿ ይሥቃሉ። በአርባ አንድ ዓመት ትዳር ስለ ጠጉሬ አንዲት ቃል ያልሰማሁት እኔ፣ ጥግ ይዤ የሳይንስን ዕድገት አደንቃለሁ። ለእኔ በስክሪኑ ላይ አንድም ጥሪ ወጥቶ አያውቅም።

3ኛ/ ፎቶግራፌን አሥራ ሁለት ጊዜ አሳይታችሁ ስሜን ብትጠይቋት ዝም በማለቷ፣ «ባሏን አትለይም፤ ትውስታዋ ተጎድቷል» ብላችሁ፣ በወሩ መጨረሻ ማሽኑ ተነቅሎ ለሌላ ታማሚ እንዲሰጥ ወስናችኋል። ክቡርነትዎ፣ እናትዎ አባትዎን በስም ሲጠሩ ሰምተው ያውቃሉ? ሱላብሃ ስሜን የጠራችው አንድ ጊዜ፣ በሠርጋችን ዕለት፣ እንደ ደንቡ በግጥም አስገብታ ነው። ከዚያ ወዲህ እንደ እናቷ «አሆ» ትለኛለች፤ «ይስሙኝማ» እንደማለት። በአፏ ያልደፈረችውን በሐሳቧ እንድትደፍር የጠበቃችሁ ሊቃውንት፣ በእውነት ትደነቃላችሁ።

4ኛ/ የሪፖርትዎን አባሪ ማንም አያነበውም ብለው ኖሯል። እኔ ግን መነጽሬን ጠርጌ አነበብኩት። ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ማሽን በራሱ ከንግግሯ ካጸዳቸው ቃላት መካከል፦ «አሆ። ትርጉም የሌለው ድምፅ። ሁለት መቶ ሰባት ጊዜ። ተሰርዟል።»

ሁሉን ጠርታ እኔን ዘነጋችኝ እያልኩ በቅናት ስቃጠል፣ አጠገቤ ሆና ሁለት መቶ ሰባት ጊዜ ጠርታኛለች። አንድ ጊዜ እንኳ አቤት አላልኳትም። ይህን በምን ቃል እንደማመሰግንዎ አርባ ዓመት ያስተማርኩት ቋንቋም አልነገረኝም።

ስለዚህ ጥሪዬ እንዲመለስልኝ፣ ውሳኔው እንዲሻር፣ ማሽኑም ካለበት እንዳይነቀል አመለክታለሁ።

በሚስቱ እንደማይታወቅ በማኅተም የተረጋገጠለት፣ እርስዎን ግን ደጅዎ ላይ ቆሞ በሚገባ ሊተዋወቅዎ የቆረጠ፣
ቪናያክ ጋድጊል

ተጨማሪ፦ ታንማይ ትናንት የማሽኑን ቃል ማጽጃ አጥፍቶልን ይህን ደብዳቤ አነበብኩላት። አታውቅዎትም ያላችሁኝ ሴት የሰጠችው አስተያየት እነሆ፦ «አሆ፣ በዛ። የልጁን ጠጉር ነገር ያውጡት፤ እሱ ምን አጠፋ?»

«አቤት» ብያታለሁ። የጠጉሩን ነገር ግን አላወጣሁትም።