ባለቤት ስለሌላቸው አሥራ አንድ ዳክዬዎች

ለተከበሩ የዱር አእዋፍ በሽታ ቅኝት አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

መንገድ ላይ የተበጠሰ ሽቦ ወይም የፈነዳ ቧንቧ አይቶ «ኧረ ይሄ ለማን ነው የሚነገረው?» ያላለ የጎንደር ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም፤ እኔ ግን የወፍ ጉዳይ ለእርስዎ እንደሚነገር በሥልጠናው አዳራሽ ስለተማርሁ ራሴን ከዕድለኞች ቆጥሬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ፣ ወገብዎም ከዚያ ሁሉ ስብሰባ በኋላ እንዴት እንደ ሆነ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ይመስገነው፣ ከዳክዬዎቹ በቀር ደህና ነን።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ኤሌኒ ወልደኢየሱስ እባላለሁ። አምና በእንስሳት ሕክምና ተመርቄ፣ የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው ወደ ደጋችን የሚመጡ ወፎች የወፍ ጉንፋን ይዘው እንደሆነ እንድከታተል ለስድስት ወር የተመደብሁ፣ በየጠዋቱ ከቁስቋም ተነሥቼ በሚኒባስ ኮሶዬ የምወጣ ሠራተኛዎ ነኝ። በሥልጠናው «እናንተ ዓይናችን ናችሁ» ያሉን ዕለት እንደ ጅል በደስታ ማልቀሴን አልደብቅም።

መጋቢት 3 ቀን የኮሶዬን የመስኖ ኩሬ ውኃ ለገበሬው የሚያከፋፍሉት የውኃ አባት፣ አያ ዳኛው፣ ስልክ ደውለው «ነይማ ልጄ፣ እንግዶችሽ ሞተውልሻል» አሉኝ። ደርሼ ስቆጥር አሥራ አንድ ዳክዬ ከኩሬው ዳር ወድቋል። ጓንቴን አጥልቄ ናሙና ወሰድሁ። ከዚያ ወዲህ ስለተደረገልኝ ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በማግሥቱ ናሙናውን በበረዶ ሳጥን ይዤ ቢሮዎ ስደርስ፣ «የእንስሳው ባለቤት ስም፣ ቀበሌና ፊርማ» የሚለው ቦታ ባዶ መሆኑን ያዩት ባልደረባዎ ቅጹን መለሱልኝ። «የዱር ወፍ ነው፣ ባለቤት የለውም» ብዬ ሞልቼ ብመጣም፣ ባለቤት ለሌለው እንስሳ አገልግሎት እንደማይሰጥ በትዕግሥት አስረዱኝ። ይህ ጥንቃቄ ባይኖር ማንም ወፍ ያለ መታወቂያ እየተነሣ ላቦራቶሪ ይገባ ነበርና እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፦ ችግሬን የሰሙት አያ ዳኛው «ምነው ልጄ፣ እኔ ልሁናቸዋ! ውኃዬን ሲጠጡ አይደል የከረሙት» ብለው እየሳቁ ፈረሙልኝ፤ ቅጹም በዚያው ዕለት ተቀባይነት አገኘ። በሳምንቱ ግን ለእሳቸው የደረሳቸው የላቦራቶሪ ውጤት ሳይሆን፣ አሥራ አንድ የዱር ዳክዬ በማን ፈቃድ እንዳረቡና ሲሞቱ ለምን በወቅቱ እንዳላሳወቁ ቀርበው እንዲያስረዱ የሚያዝ፣ ባለ ማኅተም ጥሪ ነበር። የስድሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ሁለት ቀን ከደጅዎ ቆመው፣ የሚያናግራቸው ጠፍቶ ተመልሰዋል። ጉዳዩ እስኪጣራም ናሙናው «ባለበት ይቆይ» ስለተባለ፣ ይኸው ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ፣ መብራት ሲመጣም ሲሄድም፣ ለስብሰባ ከሚቀርበው የታሸገ ውኃ ጎን በማቀዝቀዣዎ ውስጥ ተቀምጧል። ስለ መስተንግዶው ናሙናውን ወክዬ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፦ እንዳልሰጋ በማሰብ «የአካባቢው ሕዝብ ዳክዬ የማይበላ፣ በአሁኑ ወቅትም በዓቢይ ጾም ላይ የሚገኝ በመሆኑ አሳሳቢ ሁኔታ የለም» ብለው ጽፈውልኛል። እውነት ነው፣ ዳክዬ የበላ አንድም ሰው አላገኘሁም። ይሁን እንጂ ደብዳቤዎ በደረሰኝ በአምስተኛው ቀን፣ ከኩሬው በሚወርደው ቦይ ዳር የሚኖሩት ወይዘሮ የትነበርሽ ካሏቸው ሃያ ሦስት ዶሮዎች አሥራ አራቱ ጭንቅላታቸው አብጦ፣ ፊታቸው ጠቁሮ በሁለት ቀን ውስጥ አለቁ። ዶሮዎቹ ዳክዬ አልበሉም፤ ያንኑ ውኃ ግን ጠጥተዋል። ፈንግል ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ዶሮ አርቢው ሁሉ ያውቀዋል። የወፍ ጉንፋንም ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለይም። ለዚህ ነው ላቦራቶሪ የተሠራው።

አራተኛ፦ የእነዚያን ዶሮዎች ናሙና፣ ባለቤታቸው ፈርመውበት ሳመጣ፣ ዶሮ ከባሕር ማዶ የምትመጣ ወፍ ስላልሆነች ኮሚቴውን አትመለከትም ተብዬ ተመልሻለሁ። ምን እላለሁ።

ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ቁጥሩን ላቁምና አንድ ነገር ልንገርዎ። የቀሩት ዘጠኝ ዶሮዎች ወይዘሮ የትነበርሽ ለፋሲካ ገበያ ብለው ያሳደጓቸው ናቸው። «አይሽጧቸው፣ አይረዷቸው፣ ዘግተው ያቆዩልኝ፤ በአሥር ቀን መልስ ይዤ እመጣለሁ» ብዬ ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ቃሉን የሰጠሁት በእርስዎ ተማምኜ ነበር። አሥር ቀኑ ካለፈ ወዲህ በቦዩ በኩል ላለማለፍ፣ አንገቴን ደፍቼ መንገድ መቀየር ጀምሬአለሁ።

የአያ ዳኛው ጥሪ ወሬም በአካባቢው ተዳርሷል። ባለፈው ሳምንት ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ሞተው ገደል መጣላቸውን በሰው በሰው ሰምቼ ብሄድ፣ ትናንት ጠላ ካልጠጣሽ ይሉኝ የነበሩ ሰዎች ፊታቸውን አዙረው «የምን ወፍ? እኛ ወፍ አላየንም» አሉኝ። ዓይናችን ናችሁ ብለውን ነበር፤ እነሆ የአገሩን ሰው ሁሉ ዓይን በአንድ ወረቀት አስጨፍነውልናል፤ ይህን በስብከትም በሥልጠናም ማንም አይችለውም።

ስለዚህ የአያ ዳኛውን ጥሪ ቢያነሡልን፣ ናሙናውም ካልተበላሸ ዛሬውኑ ወደ ላቦራቶሪ ቢልኩልን፣ ተበላሽቶም ከሆነ «ተበላሽቷል» የምትል አንዲት ቃል ቢጽፉልን፣ ሌላ እንድወስድ ይረዳኛል። አሁንም ጫማዬን አጥልቄ እየጠበቅሁ ነው።

ወንበርዎ የማይወዛወዝ፣ ማኅተምዎ የማይደርቅ፣ በርዎን የሚያንኳኳ የማይበዛብዎ ዘመን እንዲሆንልዎ ከልብ የምመኝ፣ ትእዛዝዎን እንጂ መልስዎን ያላየሁ፣

ኤሌኒ ወልደኢየሱስ
ከቁስቋም፣ መጋቢት 27 ቀን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ፈርሜ ሳበቃ ወይዘሮ የትነበርሽ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አላማሁሽም፤ ከቢሮ ያሉሽ ነገር አለ?» አሉኝ። የለም አልኋቸው። ነጋዴ መጥቶ ዘጠኙንም በቅርጫት ጭኖ ወደ ጎንደር ወርዷል፤ ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ነበር አሉ። ክቡርነትዎን በሥራ ብዛት ካልተመቸዎት፣ እንግዲህ ጥያቄዬ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለሚያነብ የከተማው ሰው ነው፦ ሰሞኑን ቅዳሜ ገበያ ከኮሶዬ የወረደ ዶሮ የገዛችሁ፣ ከሌሎቹ ለይታችሁ አቆዩትና ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በምለጥፈው ማስታወቂያ ላይ ባለው ስልክ ደውሉልኝ። የሞተባችሁም ደውሉ። ማንንም ባለቤቱ ማነው ብዬ አልከስም።