ከነእርጥበቱ ተጠቅልሎ ስለሚቆለፈው የጠላቂዎች ልብስ

ለተከበሩ የግድቡ ንብረት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ደረትዎ ከጉንፋን የራቀ፣ አልጋዎ የሞቀ፣ ካልሲዎም ሁልጊዜ ደርቆ የሚጠብቅዎ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከግድቡ በሮች ሥር እየጠለቅን ጭቃና ግንድ ከምንጠርገው ሠራተኞች አንዱ ነኝ። በአደባባይ የጻፍኩልዎ ጸሐፊዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነዎት ስላለችኝ፣ ሥራዎን ላለማቋረጥ በማሰብ ብቻ ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. የማድረቂያ ክፍላችንን እንግዳ መቀበያ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ቀድሞ ውኃ የማያስገባው ልብሳችን ከሥራ መልስ በንጹሕ ውኃ ይታጠብና፣ ነፋስ በሚገባበት በዚያ ክፍል በእግሩ በኩል ቁልቁል ተሰቅሎ ውስጡም ውጭውም ይደርቅ ነበር። ዛሬ በቦታው ሶፋ ተቀምጧል። ሶፋው፣ ተመስገን፣ እጅግ ደረቅ ነው።

2. እርጥቡን ልብስ ጠቅልለን የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ እንድንቆልፍ ስላዘዙን እናመሰግናለን። ጠዋት ሣጥኑ ሲከፈት የሚወጣውን ጠረን በጽሑፍ ለመግለጽ ብሞክር ወረቀቱም እንዳይሸትዎ ፈራሁ። ትናንት ሌላ ሰው ያላበበት፣ እጅጌው ሻጋታ ያበቀለ፣ እግሩ ውስጥ የሚያሟልጭ ነገር ያቋጠረ ልብስ ውስጥ ባዶ እግርን መስደድ ያንገሸግሻል፣ ክቡርነትዎ። በጨዋ ቋንቋ ከዚህ የተሻለ ቃል አጣሁ።

3. ለዚፑ የሚቀባውን ሰም ቅንጦት ነው ብለው ስለሰረዙት፣ ዚፑ አሁን በሁለት ሰው ጉልበት ብቻ ይዘጋል። ለሰውነታችን ጥንካሬ ስላሰቡ እናመሰግናለን።

4. ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጉብኝቱ ዕለት ውለታዎ ነው። ለእንግዶች እንዲያብረቀርቅ ብለው የአንገቱን ላስቲክ በቫዝሊን አስወለወሉት። ቅባት ላስቲክ እንደሚበላ፣ የሚነሰነስበትም ደረቅ ፓውደር ብቻ እንደሆነ አለቃችን እየለመነ ሲነግርዎ፣ ፓውደር ለሕፃን ነው ብለው ሰው አሳቁበት። ልብሱ በእውነት አበራ፤ ፎቶው ላይም አምሮ ወጥቷል። ከዚያ የእህቴ ባል ያንኑ ለብሶ ከበሩ ሥር ሲደርስ፣ የላሸቀው ላስቲክ አንገቱ ላይ ተቀደደና በረዶ የመሰለው ውኃ ልብሱን ሞላው። በገመድ ጎትተን ስናወጣው ከንፈሩ ጠቁሮ፣ የገዛ ስሙን መጥራት አቅቶት ነበር። እስካሁን ሆስፒታል ተኝቷል። ዚፑን የዘጋሁለት እኔ ስለሆንኩ እህቴ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። በእርስዎ ግን ቅር አላላትም፤ መኖርዎንም አታውቅም ነበር።

ሰኞ የመጥለቅ ተራው የእኔ ነው። ክፍሉ ካልተመለሰልን፣ ላስቲኮቹም ካልተቀየሩ አልገባም። ይህንን እንደ ዛቻ ሳይሆን ሳል እንደያዘው ሰው ትሑት ልመና ይቁጠሩልኝ።

ውኃ ከቁርጭምጭሚትዎ በላይ እንዳይደርስብዎ እየተመኘሁ፣ ለሶፋውም ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እያረጋገጥኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ሻጋታ የለመደው አገልጋይዎ፣
የታማሚው ሚስት ወንድም

ማሳሰቢያ፦ የቀሩት ልብሶች ፍጹም ጤነኛ መሆናቸውን በሪፖርትዎ ስላረጋገጡልን፣ በልክዎ የሚሆነውን መርጠን ሰኞ ጠዋት ከግድቡ በር ላይ እንጠብቅዎታለን። ለእህቴም ስለ እርስዎ ነግሬያታለሁ። ዚፑን የምትዘጋልዎ እሷ ናት።