ዝም ላለው ታብሌት የተሰጠ ፈቃድ

ለክቡር አቶ ይገዙ ዓለሜ፣
የፀዳለ ጥበብ የመምህራን ኮሌጅ
የዲጂታል ፈተና ሶፍትዌር ማጽደቂያ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ። አራተኛ ፎቅ በእግሩ የሚወጣው ጉልበትዎም ሆነ ማመልከቻ ሲያይ ቶሎ የሚደክመው ዓይንዎ በመልካም ሁኔታ ላይ እንዲሆኑ ምኞቴ ነው። እኔ ጉዲና ቶለሳ እባላለሁ፤ አዲሱ ገበያ ከታክሲ ተራው ጀርባ ሞባይል የምጠግን፣ ከመስከረም እስከ የካቲት አሥራ ሰባት ጊዜ በርዎ ላይ የቆምኩ፣ እርስዎም አንድ ጊዜ በስሜ፣ አሥራ ስድስት ጊዜ ደግሞ «ያ ልጅ» ብለው የጠሩኝ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ስድስት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ ቅር ተሰኝቼ አይደለም፤ ምስጋናዬ ፋይል ውስጥ ተዘግቶበት እንዲቀር ኅሊናዬ ስላልፈቀደ ብቻ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ታናሽ እህቴ ኢፍቱ በሰባት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን አጠፋው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የተማረችው ዊንጌት አካባቢ ባለው ቤታችን፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ በተጫነ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በአማርኛ ጮክ ብሎ በሚያነብ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ክፍት ምንጭ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የተሠራበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው፣ የፈለገ ወስዶ ይገለገልበታል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። ኢፍቱ መምህርት መሆን ትፈልጋለች። ኮሌጅዎ ደግሞ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ዕድሜው ከሃያ አምስት ላልበለጠ አንድ ዓይነ ስውር አመልካች አንድ ወንበር ይይዛል። ኢፍቱ ዘንድሮ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው። የዘንድሮው ፈተና ካለፋት ሌላ የለም ማለት ነው።

ፈተናው ዘንድሮ ከወረቀት ወደ ታብሌት መዛወሩን ስንሰማ ደስ አለን። ችግሩ የቤታችን ሶፍትዌር የተሠራው ለኮምፒውተር በመሆኑ ታብሌት ላይ እንዳለ አለመጫኑ ነበር። ሶፍትዌሩ ራሱም፣ የሚደገፍባቸው ሠላሳ ስምንት ትንንሽ ፕሮግራሞችም፣ አንድ በአንድ ለታብሌቱ እንደ አዲስ መገንባት ነበረባቸው። አንዱ ግንባታ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ የሰፈራችን መብራት ደግሞ አራተኛው ሰዓት ላይ መሄድ ይወዳል። ኢፍቱ ቤት ውስጥ ሶፍትዌሩን የምታዘው በኪቦርድ ነበርና፣ ታብሌቱ ላይ በጣት ማንሸራተትና ሁለቴ መንካት እንዲገባው አስተማርኩት። ሁሉንም በአንድ ፓኬጅ አሽጌ፣ ከእናንተ ታብሌት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ከአንድ ደንበኛዬ ተውሼ ጫንኩበት፤ በሠላሳ አንደኛው ሙከራ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ታብሌቱ አፉን ፈታ። የመጀመሪያ ቃሉ «ባትሪ፣ አሥራ ሁለት በመቶ» የሚል ነበር። ኢፍቱ እልል አለች። እናታችን ቦሰና ከጓሮ እየሮጠች መጥታ የመጣው እንግዳ ማን እንደሆነ በኦሮምኛ ጠየቀች። በዚያ ቀን ቤታችን ውስጥ የነበረውን ደስታ መጻፍ ያቅተኛል።

የቀረው ሶፍትዌሩን ፈተና ክፍል ለማስገባት የእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነበር። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፤ ማመልከቻዬን በተቀበሉ በሦስተኛው ሳምንት የሶፍትዌሩ ባለቤት መታወቂያውን ይዞ በአካል እንዲቀርብ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ባለቤት እንደሌለው በሦስት ገጽ ጽፌ አስረዳሁ፤ በመላው ዓለም የተበተኑ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ተጠራርተው የሠሩት ነው፣ በእኛ አገር አነጋገር ደቦ ነው አልኩ። ጸሐፊዎ ወይዘሮ ሠርካዲስ ወረቀቱን መልሰው ሲሰጡኝ ኅዳጉ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ «በደቦም ቢሆን ማሳው ባለቤት አለው፤ ይቅረብ» የሚል የእጅ ጽሑፍዎን አነበብኩ። ሐሰት አልተናገሩም። አባቴ የሱሉልታ ገበሬ ነበርና በዚህ ልከራከርዎ አልችልም። ማሳው የኢፍቱ ነው ብዬ ብመልስ ግን ማሳዋ ካርታ አለው ወይ እንዳይሉኝ ፈርቼ ተውኩት።

ሁለተኛ፤ ባለቤቱ ሊገኝ ባለመቻሉ ርኅራኄዎ ተነሥቶ፣ በምትኩ ኮድ የጻፉት ሁሉ ፈርመው የስምምነት ደብዳቤ እንዲልኩ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ስድሳ ሦስት ሰዎች ናቸው። ለስድሳ ሦስቱም ጻፍኩ፤ ነገሩን ስጽፍላቸው እኔው አፍሬ ነበር። ክቡር ሆይ፣ በሕይወት ያሉት ስድሳ ሁለቱ ፈረሙ። አንዷ አራስ ቤት ሆና ፈርማለች። አንዱ ፊርማው ለምን እንደሚፈለግ እንዳልገባው፣ ለእህቴ ከሆነ ግን ይኸው ብሎ፣ የፈተናው ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቆ ላከልኝ። ፊቷን አይተው የማያውቁ ሰዎች የፈተናዋን ቀን በቃላቸው ያውቁት ነበር።

ስድሳ ሦስተኛው ከአራት ዓመት በፊት ያረፉ አንድ ጡረተኛ ናቸው። ያበረከቱት አሥራ ዘጠኝ መስመር ኮድ ነው፤ ሥራውም ሶፍትዌሩ ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ ትንሽ ቆም ብሎ እንዲተነፍስ ማድረግ ነው። ክፍልዎ የሟች ፊርማ በወራሽ እንደሚተካና ወራሽ ልጃቸውም የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ማምጣት እንዳለባት በደብዳቤ አሳወቀኝ። ለአሥራ ዘጠኝ መስመር! ልጃቸው ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። አባቷን ያስታወሰ ሰው በመገኘቱ አመስግና፣ ከአገሯ ፍርድ ቤት አውጥታ በፖስታ ላከችው።

ሦስተኛ፤ ይህ ምስጋና ከሁሉም ይበልጣል። ወረቀቱ የመጣ ቀን፣ ቢያይዋት አንጀትዎ ይራራ ይሆናል ብዬ ኢፍቱን ይዣት መጣሁ። ወረቀቱ ላይ ፊርማ እንጂ የቀለም ማኅተም አልነበረበትም። ወይዘሮ ሠርካዲስ ገለባብጠው አዩት፣ መስኮቱ ላይ አስደግፈው አዩት፤ እርስዎም መነጽርዎን አድርገው አዩትና ማኅተም የሌለው ወረቀት ወረቀት ብቻ ነው አሉ። ኢፍቱ «እስቲ ስጡኝ» አለች። በጣቷ ከላይ ወደ ታች ዳበሰችው፣ ከግርጌው በስተግራ ቆመች። «ይኸውና ጋሼ፤ ክብ ነው፣ ዙሪያውን ጽሑፍ አለው» አለችዎ። ለካ ማኅተሙ ያለ ቀለም ወረቀቱ ላይ ተጭኖ የታተመ ኖሯል። ሦስት ዓይናሞች ያላየነውን እሷ አገኘችው። እኔ በልቤ ጉዳዩ አለቀ ብዬ ነበር። እርስዎ ግን «የኔ እህት፣ በዓይን የማይታይ ማኅተም ፋይል ውስጥ አይገባም» አሉ፤ ድምፅዎ ትሕትና ነበረው፣ ይህን አልክድም። ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ማኅተሙ እንዲታይ በእርሳስ ጠቆር ጠቆር አደረጉበት፤ ክቡ ከነጽሑፉ ብቅ አለ። ያን ጊዜ እርስዎ ሰነዱ ተጽፎበታልና ተበላሽቷል፣ ሌላ ይምጣ ብለው ወሰኑ። ኢፍቱና እኔ ደረጃውን ወረድን። ጳውሎስ ሆስፒታል ጋ ታክሲ እስክንይዝ ድረስ የጣቶቿን ጫፍ እርስ በርስ ታሻቸው ነበር።

አራተኛ፤ የካቲት 15 ቀን የፈተና ክፍሉን ደንብ አንዲት ፊደል ሳያጓድሉ ስላስከበሩ አመሰግናለሁ። የምዝገባ ቅጿ ላይ «አንባቢ ሶፍትዌር» የሚለው ስለተመረጠ አንባቢ ሰው አልተፈቀደላትም፤ ሶፍትዌሩ ስላልጸደቀም ታብሌቱ ላይ አልተጫነም። ሁለቱም ደንቦች ለየብቻቸው ትክክል ናቸው። ጊዜው ሳያልቅ መውጣት ስለማይቻል፣ እህቴ ዝም ባለ ታብሌት ፊት ሦስት ሰዓት ተቀመጠች። በር ላይ ጠብቄያት ስትወጣ እንዴት ነበር አልኳት። «መስታወቱ ሞቀ» አለችኝ። መልሱ ያለበት እየመሰላት በግምት ስትነካው ቆይታ ነው። ውጤቷ ከመቶ ሃያ ሦስት ሆነ። ምርጫው አራት በሆነበት ፈተና ዕጣ እንኳ ሃያ አምስት ይሰጣል፤ ኮሌጅዎ ከዕጣም ይልቅ ጠንቃቃ መሆኑን ያወቅነው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ምስጋናዬን አቋርጬ የራሴን ኃጢአት ልናገር፤ ሁሉን በእርስዎ ላይ መጫን ግፍ ይሆንብኛል። ቅጹን ስንሞላ ሁለት ሳጥኖች ነበሩ፤ «አንባቢ ሰው» እና «በክፍሉ የጸደቀ አንባቢ ሶፍትዌር»። ኢፍቱ «ሰው ይሻለኛል፤ ሰው ቢደክመው እንኳ ይለመናል» ብላኝ ነበር። እኔ ሳቅኩባት። በሠራሁት ነገር ኮርቼ ነበር፤ እህቴ በወንድሟ እጅ ሥራ ተፈትና ስታልፍ ማየት አምሮኝ ነበር። ሳጥኗን ማየት ስለማትችል ምልክቱን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ይህን ነገር ቀን ሱቅ ውስጥ የሰው ስልክ ፈትቼ ሳለሁ አስታውሰውና እጄ ይቆማል። እሷ አንድም ቀን አላነሳችብኝም፤ ብታነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።

አምስተኛ፤ የሟቹ ልጅ ሁለተኛውን ወረቀት በቀለም ማኅተም አስመትታ ከላከች በኋላ፣ የካቲት 24 ቀን፣ ፈተናው ካለፈ በዘጠነኛው ቀን፣ ሶፍትዌሩ «ለተጠየቀው ዓላማ እንዲውል» የጸደቀበትን ደብዳቤ ስላደረሱኝ አመሰግናለሁ። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸውን እንስሳ በክቡርነትዎ ፊት በስሙ መጥራት ነውር ስለሆነ ተረቱን ትቼዋለሁ። እናቴ ወረቀቱን ሳነብ አይታ፣ ደስ የሚል ነገር ነው ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ክቡር ሆይ፤ ውጤቱ ይሰረዝ፣ ፈተናው ይደገም ብዬ አላስቸግርዎትም፤ ደንቡ እንደማይፈቅድ አሥራ ሰባት ጊዜ ተምሬያለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ኢፍቱ ጎረቤት ሲጠይቃት «ወደቅሁ» እያለች ነው። አልተፈተንሽም እንጂ አልወደቅሽም ስላት፣ ወንድሜ ስለሆንክ ነው ትለኛለች፤ አላመነችኝም። ቤት ያለውን ኮምፒውተር ካበራችው አንድ ወር አለፈው። እርስዎ ወንድሟ አይደሉም፣ ለእሷ የሚያዝን አንጀት እንዳለዎት የሚጠረጥርዎም የለም። ስለዚህ «ኢፍቱ ቶለሳ ጥያቄዎቹ ስላልቀረቡላት አልወደቀችም» የሚል አንድ መስመር በአረንጓዴው እስክሪብቶዎ ቢጽፉላት ታምንዎታለች። እኔ አነብላታለሁ።

ደንብዎ ረጅም ዕድሜ፣ ወንበርዎም ዘላቂ ምቾት እንዲያገኙ እየተመኘሁ፣ በአራተኛው ፎቅ ደረጃ ትዕግሥትን የተማርኩ፣ በአረንጓዴ ቀለም ትሕትናን የቀሰምኩ፣ እንደ ወንድምነቴ ደግሞ አንገቴን የደፋሁ፤

ጉዲና ቶለሳ
ከጉለሌ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ ኮሌጅዎ በሚቀጥለው ቅዳሜ «ለዓይነ ስውራን ተደራሽ የሆነውን ዲጂታል ፈተና» በሚያስመርቅበት ዕለት ኢፍቱ የአገር ልብስ ለብሳ፣ ታብሌቱ ፊት ተቀምጣ ፎቶ እንድትነሳ ክፍልዎ በስልክ ጋብዟታል። እኔ እምቢ በይ ብያት ነበር፤ እሷ ግን እመጣለሁ ብላለች። ብቻ ፎቶው ሲነሳ ታብሌቱ ላይ የሚከፈተው ያው የየካቲቱ ፈተና ከሆነ ድምፁን እንዳታጠፉባት በእኔ በኩል ለምናለች፤ ምን ጠይቀዋት እንደነበር መስማት ትፈልጋለች።