ይሄ ውሻ ጥጤ አይደለም

እህት ዓለም፣ የዛሬን ብቻ እመኚኝ። መስኮቱ ላይ ሰው ቆሟል ብዬ አስደንግጬሽ የተሰጣ ካፖርት የሆነውንም፣ የጥበቃው ዓይን አላማረኝም ያልኩሽንም ሁሉንም እርሺውና ይሄን አንዱን እመኚኝ፤ በኋላ እንደልብሽ ትስቂብኛለሽ። ሰላምታም ሳልሰጥ ጀመርኩ። ለመሆኑ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ? የእማዬስ ጉልበት እንዴት ነው፣ ህፃኑስ ጥርስ አወጣ? እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፣ ልቤ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልቀመጥ ብሎኛል።

ስልኬ የልብስ ማጠቢያው ባልዲ ውስጥ ከገባ ወዲህ እኔ እሰማለሁ እንጂ የኔ ድምፅ አይወጣም። እሱ ላይ መጻፉም ጣቴ ስለማይፈጥንልኝ በወረቀት ጽፌ ፎቶ አንስቼ ነው የላኩልሽ፤ ጽሑፌን እንደምንም አንብቢው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዳም አዲሱ አገር ቀድማ ሄዳ ቤት እያሰናዳች ነው ብዬሽ አልነበር? ባልየው ዕቃውን ጨርሶ ይከተላታል፣ ጥጤ ደግሞ ዛሬ ማታ ለብቻው በአውሮፕላን ይሄዳል ተባለ። አንቺ እዚህ ቤት ስትሠሪ ከቡችላነቱ ያሳደግሽው፣ ስሙንም ያወጣሽለት ውሻ አገር ለቆ ሊሄድ ነው። ማዳም ስትወጣ ሻንጣዋን ትታ እሱን አቅፋ እያለቀሰች፣ አደራሽን፣ ከልጄ አላሳንሰውም ብላኝ ነው የሄደችው።

ከዚያ ውሻ የሚያጓጉዝ ሰውዬ ተቀጠረ። እኔ ደላላው ነው የምለው፣ ምላሱ ቅቤ ነው። ሳጥን ውስጥ መቀመጥ ካልለመደ አውሮፕላን ላይ ይታመማል ብሎ ወደ ራሱ ቦታ ወሰደውና እዚያው አሰነበተው፤ ከትናንት ወዲያ መለሰው። ነጭ ነው፣ ጠጉሩ ጥቅልል ነው፣ አንገቱ ላይ የጥጤ ቀይ ማሰሪያ አለ። እህቴ፣ ጥጤ ግን አይደለም።

ጥጤ ሳህኑን ሳስቀምጥለት ምን ያደርጋል? አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽው፤ በእኛ ቋንቋ "ብላ የኔ ጌታ" ካልተባለ ምራቁ እየተዝረበረበ ቁጭ ይላታል እንጂ አይነካም። ይሄኛው ሳህኑ መሬት ሳይደርስ ጭንቅላቱን ከተተበት። ጥጤ መጥረጊያ ሳነሳ ነክሶ ሲጎትተኝ ነው የሚውለው፤ ይሄ ምስኪን ገና መጥረጊያውን ሲያይ ሶፋ ሥር ገብቶ ሽንቱን ለቀቀው። የት ሲገረፍ እንደኖረ እንጃ። እሱም አሳዘነኝ፣ እሱ ምን ያድርግ።

ለባልየው ነገርኩት። እሱ እንደሆነ ውሻውን እንደ ምንጣፍ ነው የሚያየው፣ ካልረገጠው አያስታውሰውም። ሰው እንኳን አገር ሲለቅ ጠባዩ ይለወጣል አለና ሳቀብኝ። ስነዘንዘው ጊዜ ደላላውን ጠራው። መጣና ስልክ የምታህል ማሽን ውሻው ትከሻ ላይ አስጠግቶ ጢጥ ስትል፣ ይኸው ቁጥሩ፣ ራሱ ነው አለ። ማሽኗ የራሱ፣ ከውሻው ቆዳ ሥር ያለችውንም ቁጥሩን የያዘች ነገር የቀበረው ራሱ፤ ለፈለገው ውሻ መቅበር ያቅተዋል? ሲወጣ በር ላይ ጠጋ ብሎኝ ቀስ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፦ "አንቺ ልጅ፣ ውሻው ጠፋ ቢባል መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ይመስልሻል?"

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ባልየው ጥርሱን እየቦረሸ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ከደላላው ጋር ያወራል። እኔ እዚያው በሩ አጠገብ ለዚህኛው ቁርሱን ስሰጠው በልማድ "ብላ የኔ ጌታ" አልኩ። ስልኩ ውስጥ ውሻ አለቀሰ። ጮኸ አላልኩሽም፣ አለቀሰ፣ በር እየቧጨረ። ደላላው ወዲያው ዘጋው። ባልየው ውሃውን ከፍቶት ስለነበር አልሰማም። እህቴ፣ ጥጤ እዚያ ሰውዬ ጋ አለ፣ በሕይወት አለ፣ ድምፄንም ለይቷል።

ማታ መኪናው ሲመጣ ሳጥኑ ይቆለፋል፣ ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰዋል? ማዳም እዚያ ከፍታ የኔ ውሻ የት አለ ስትል ሸጠችው የምባለው እኔ ነኝ። ጥጤንስ ደላላው ለማን ሊሸጠው ይሆን?

እሁድ እሁድ ስትደውይ ድምፅሽን ሲሰማ ካለበት ሮጦ መጥቶ ስልኩን ሲልስ፣ ባልየው እየሳቀ ቪዲዮ የቀረጸው ትዝ ይልሻል? እሱን በዓይኑ ስላየ አይክድም። ለመንኩት፣ እንግዲህ ትደውልና አያለሁ አለኝ። ከሥራ ሲገባ ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጬ እጠብቅሻለሁ። ይሄ ውሻ በአንቺ ድምፅ ጆሮውን ካቆመ ዕድሜ ልኬን ውሸታም ልባል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ይሄን ግን አትንገሪያት፣ እንቅልፍ ታጣለች። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ "ያቺ ፈሪ ደግሞ ጀመራት" ቢልም አልቀየምም። ታናሻችንን በርታ በይልኝ። ህፃኑን ጉንጩን ንከሺልኝ።

ከወጥ ቤት፣ ማቀዝቀዣው ሥር ተቀምጬ
ሐሙስ፣ ሚያዝያ ዘጠኝ

እህቴ፣ ስትደውይ መልስ አትሰሚም፣ ጭር ነው የሚልሽ። ተቋረጠ ብለሽ እንዳትዘጊው፣ እኔ እዚያው ነኝ። ዝም ቢልሽም ስሙን እየጠራሽ አውሪው። ብቻ ሳይመሽ ደውይ።