ግዛዋ በወተት

ለምወድዎ እናቴ ለወይዘሮ ባየች፣
ቢቸና

አስቀድሜ ጤናዎን አጥብቄ እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልቁለት ሰው ሳይደግፍዎ ይወርዱታል ወይ? ዓይንዎስ? ጤፉ ደኅና ገባ ወይ? ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ አገሩ ሁሉ ሰላም ነው ወይ? እኔ ልጅዎ ዓይናዲስ በአካል ደኅና ነኝ። ወንድሜ ጎበዜ፣ ይህን የምታነብላቸው አንተ ነህና እንግዳ ባለበት አታንብበው።

አምና ለፋሲካ እመጣለሁ ብዬ ልኬ ቀረሁ። «ልጄ ረሳችኝ» ማለትዎን ከመንገደኛ ሰማሁ። አልረሳሁዎትም፤ የቀረሁበትን ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

ባለቤቴ ተሻለ እዚህ አሰበ ተፈሪ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት አለቃ ግራዝማች ኃይለየሱስ ይባላሉ። ካቻምና ባላቸው የሞቱባቸውን እናታቸውን፣ እሜቴ ዓባይን፣ ከመንዝ አምጥተው ግቢያቸው ውስጥ አስቀመጧቸው። እሜቴ ከመጡ ጀምሮ እንቅልፍ አጡ። መርፌ ተወጉ፣ አሰቦት ገዳም ጠበል ተወሰዱ፤ ምንም አልሆነላቸውም። ወለሉን በዘንጋቸው እየመቱ ሰው ሲጣሩ ያድራሉ።

ከእኛ ጎን ደግሞ አንድ የህንድ አገር መምህር ይኖራል፤ ሚስቱ ሳሮጂኒ ትባላለች። አንድ ቀን አጥራችን ሥር የበቀለውን ግዛዋ አይታ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ፊቷ በራ። እርስዎ ሕፃን ሲደነግጥ ቅጠሉን ያጥኑን እንደነበር ነገርኳት። እሷ ግን ቅጠሉን ትታ ሥሩን ነቀለች። በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «በእኛ አገር ስሙ አሽዋጋንዳ ነው። አያቴ ያደርቃል፣ ይወቅጣል፣ በወተት ያፈላል። እንቅልፍ ለሌለው ሰው ይሰጣል» አለችኝ። ባሸተው የፈረስ ላብ ሸተተኝ።

እሜቴ አሳዝነውኝ ነበርና አፍልቼ ወሰድኩላቸው። ወተቱን ጠጥተው፣ የነጠላዬን ጫፍ ይዘው ስለ አገራቸው ብርድ ሲያወሩልኝ ቆዩና ተኙ። እስኪነጋ አልነቁም። በማግሥቱ ግራዝማች በላንድሮቨር ደጃችን ድረስ መጥተው «እናቴን አዳንሽልኝ» አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ እያየ ስለነበር ልደብቅዎ አልችልም፣ ኮራሁ።

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ አስጠሩኝ። ጥቂት ሰንብቶ «ከምትመላለስ» ተባለና እሜቴ ክፍል ውስጥ አልጋ ተዘረጋልኝ። ተሻለ ብቻውን ያድራል፤ ቀን ሄጄ ምግቡን ሠርቼለት እመለሳለሁ። ከግቢ በወጣሁ ቁጥር ዘበኛው መቼ እንደምመለስ ይጠይቀኛል። ተሻለ ወደ ደብረ ማርቆስ ለመዛወር ያመለከተው ተፈቅዶለት ነበር። ግራዝማች ግን «እናቴ ትንሽ ይበርቱልኝ» ብለው ወረቀቱን መሳቢያቸው ውስጥ አኖሩት።

ያን ጊዜ ነው ለፋሲካ ብቻዬን ልመጣልዎ የተነሣሁት። በማለዳ ጫት በጫነ መኪና ተሳፍሬ ሚኤሶ ወረድኩ። ባቡሩን ስጠብቅ የግራዝማች ሾፌር ደረሰ። አልተቆጣኝም። ኮፍያውን አውልቆ፣ «እሜቴ ከጠዋት ጀምሮ ይጠሩሻል። ይዘሃት ና ተብያለሁ» አለኝና ሻንጣዬን አንሥቶ መኪናው ላይ ጫነ። ብጮህ ተሻለ እንጀራው ሊዘጋበት ነው። ተከተልኩት። የባቡሩን ጩኸት የሰማሁት ዳገቱን ስንጀምር ነው።

ከተመለስኩ በኋላ ሙያውን ለሌላ ሰው ለማስተማር አሰብኩ። የግቢውን ላሞች የምታልብ መይሙና የምትባል ደግ ሴት አለች። አወቃቀጡንም አፈላሉንም አሳየኋት፤ ከእኔ አሳምራ አፈላችው። ያን ሌሊት ቤቴ አድሬ ጠዋት ስመለስ ዓይኗ ቀልቶ አገኘኋት። «ወላሂ ሁሉንም ጠጥተዋል፤ ጠብታ አልቀረም። ግን ዓይናዲስ የት ናት ሲሉ ነጋ» አለችኝ።

በጥቅምት የአጥራችን ግዛዋ ተነቅሎ አለቀ። ሌላ እስካስፈልግ ድረስ፣ እየፈራሁ፣ ባዶ ወተት አፍልቼ ሰጠኋቸው። የነጠላዬን ጫፍ ያዙ፣ አወሩልኝ፣ ተኙ። በማግሥቱም እንደዚያው። ይኸው እስከ ዛሬ ወተት ብቻ ነው።

ይህን ባወቅሁ ጊዜ ነፃ የወጣሁ መሰለኝ። ግራዝማች ዘንድ ገብቼ፣ «ጌታዬ፣ መድኃኒቱ ካለቀ ቆየ። እሜቴ የሚፈልጉት አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ነው። እርስዎ ልጃቸው ማታ ማታ ጥቂት ቢቀመጡላቸው ይተኛሉ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ሲያብሱት ቆዩ። ቁጣቸውን ስጠብቅ፣ ረጋ ብለው፣ «ሥሩ ቢሆንማ ሌላ ሰው ያፈላላቸው ነበር። መድኃኒቱ አንቺ ከሆንሽ እንዴት አድርጌ ልልቀቅሽ?» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን የተሻለን የዝውውር ወረቀት ከመሳቢያ አውጥተው ሰጡት። «አንተ ቅደም፤ እሷ ትከተልሃለች» አሉት። መቼ እንደሆነ አልተናገሩም፤ እሱም አልጠየቀም። ማታውን ራሱን ይዞ ተቀምጦ ሳየው፣ ሁለታችንም ከምንቀር አንዳችን እንውጣ ብዬ ሂድ ያልኩት እኔው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ እሱ ነው። ብቻውን ሲገባ ቢያዩት አይቆጡት፤ ውኃ አሙቀው እግሩን ያሳጥቡልኝ።

ትናንት ምሽት ደግሞ እሜቴን ራሳቸውን ለመንኳቸው። «እሜቴ፣ እኔም እናት አሉኝ። ለልጅዎ አንድ ቃል ይንገሩልኝና ይልቀቁኝ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ከደኑ። የተኙ መስሎኝ ነጠላዬን ቀስ ብዬ ልስብ ስል ጫፉን በጡጫቸው ጨበጡት። ዓይናቸውን ግን አልገለጡም። ልጠላቸው እሞክራለሁ፤ ነጠላዬን የጨበጠ እጃቸውን ሳየው አይሆንልኝም።

አክስቴን ሣህሊቱን ጉልበቷን ሳሙልኝ። የጎበዜን ሚስትና አዲሱን ሕፃን፣ ገና ስሙን እንኳ ያልሰማሁትን፣ ግንባሩን ሳሙልኝ። ለንስሐ አባታችን ለአባ ይልቃል በጸሎት ያስቡኝ ዘንድ ንገሯቸው። እናቴ ሆይ፣ የሚከፈትልኝን ቀን ስለማላውቀው ይህን ያህል ጊዜ ቆዩኝ ልልዎ አልችልም፤ ብቻ ቆዩኝ።

ልጅዎ ዓይናዲስ
አሰበ ተፈሪ፣ ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.